እስከ አሥራ አንድ ሰዓት

መጀመሪያ ድምፁ ተለወጠ። ከወንዙ ዳር፣ ከቡና ማጠቢያው በኩል፣ የሸቤ ከተማ ከጠዋት ጀምራ ስትሰማው የዋለችው የማሽን ጉርምርምታ መሃሉ ላይ ሳል ያዘው። ጉርርር፣ ቋ። ጉርርር፣ ቋ ቋ። ከዚያ ብረት ብረትን ሲበላ የሚያወጣው ረጅም ሲጥታ ተሰማና ሁሉም ነገር ጭጭ አለ። በዝምታው ውስጥ አንድ ዶሮ ስትንጫጫ ተሰማች፤ ለካ እስከዚያ ድረስም ስትንጫጫ ኖራለች።

ፋሂም ዓይኑን አልገለጠም። በጥገና ሱቁ ውስጥ፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ጀርባ ባለችው አግዳሚ ላይ ክንዱን ተንተርሶ ተጋድሟል። የቆርቆሮው በር ገርበብ ብሏል። ፋሂም ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ እንደሚተኛ ሸቤ ውስጥ የማያውቅ የለም። በዚያ ሰዓት የተሰበረ ነገር ይዞ የመጣ ሰው ወይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ወይ ዕቃውን በሩ ሥር ጥሎ ይሄዳል።

«ኩሽኔታው ነው» አለ ፋሂም ለጣሪያው። ከዚያ ፈገግ አለ።

ይህን ድምፅ ከክረምቱ ጀምሮ ሲጠብቀው ነበር። የቡና መፈልፈያው ማሽን ሲተከል በዚያ ሲያልፍ ቆሞ አይቶታል። ዘንጉን የተሸከመው ኩሽኔታ አሮጌ ነው፤ ግራሶ ተለቅልቆ አዲስ መስሏል። የተከሉት ከጅማ የመጡ ሰዎች ናቸው። እነሱ አልጠየቁትም፤ እሱም አልነገራቸውም። አንድ ጊዜ ሲያስነሱት ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ፤ «ቡናው ሲበረታ ይበላል» አለ በልቡ፤ መንገዱን ቀጠለ። በሚቀጥለው ሳምንት ጅማ ወጣና ልክ የዚያን ዓይነት ኩሽኔታ ገዛ። በዘይት ወረቀት ጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ፣ ከመፍቻዎቹ ሥር ቀበረው። የመፈልፈያው ባለቤት ሃጂ ሙሐዲን ናቸዋ። ሃጂ ሙሐዲን ደግሞ አንድ ቀን ወደዚህች በር መምጣት ነበረባቸው።

ፋሂም ጅማ ላይ በሃጂ ሙሐዲን ቡና መቀሸሪያ ውስጥ መካኒክ ነበር። ቤት የተከራየው ጊንጆ ሰፈር ነው። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ከመሸ ይገባል፤ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ በስሙ ሳይሆን «የኋለኛው ክፍል ልጅ» እያለ ነበር የሚጠራው። መቀሸሪያው በር ላይ ጣት የሚያነብ ማሽን አለ። ጣትህን ታስነካለህ፣ ማሽኑ ይጮሃል፣ ከዚያ በኋላ የራስህ አይደለህም። ሃጂ በየጠዋቱ በሩ ላይ ቆመው የሚቀልዷት ቀልድ ነበረቻቸው። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የኔ ናችሁ፤ ከአሥራ አንድ በኋላ የአላህ ናችሁ» ይላሉ። ሠራተኛው ይስቃል። ፋሂምም ይስቅ ነበር። እስከዛሬ የሚያንገበግበው አንዱ እሱ ነው፤ መሳቁ።

አንድ ቀን ጠዋት እህቱ ሩፈይዳ ከሸቤ ደወለች። «አባዬ ሄደ» አለችው። «ከዓስር ሶላት በኋላ ይቀበራል። ናልን።»

እስላም የሞተበት ሰው ያውቀዋል፤ ቀብር አያድርም፣ መንገደኛም አይጠብቅም። ፋሂም እጁ ዘይት እንደሆነ ወደ ሃጂ ቢሮ ሮጠ። ያን ቀን የትልቁ መቀሸሪያ ሆድ ተከፍቶ ነበር፤ የፈታውም እሱ ነው። ሃጂ ኢናሊላሂ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከልባቸው ያዘኑም ይመስሉ ነበር። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ይቺን ግጠምልኝና በራሴ መኪና አደርስሃለሁ። በአውቶቡስ ስትንቀራፈፍ ከምትውል በአንድ ጊዜ ትደርሳለህ።»

አመነ። ጥርሱን ነክሶ ገጠመ። ማሽኑ ሲነሳ ገና ጊዜ ነበረው። እጁን ታጥቦ፣ ቆቡን ደፍቶ በሩ ላይ ቆመ። መኪናዋ የለችም። አጋሮ ሄዳለች። ለምን ሄደች ሲል፣ የሃጂ ልጅ የኒካህ ሠርግ ስለደረሰ በግ ልታመጣ ነው አሉት። ትመለሳለች፣ አሁን ትመጣለች፣ ደረሰች እያሉ አቆሙት። በመጨረሻ በእግሩ መናኸሪያ ሮጦ የመጨረሻውን መኪና ያዘና ሸቤ ሲገባ፣ ሰው ከመቃብር ሲመለስ አገኘው። እጃቸውን እያጨበጨቡ አፈር ያራግፋሉ። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር።

ወደ ጅማ አልተመለሰም። ከአባቱ ቤት ፊት ለፊት ቆርቆሮ መትቶ ይቺን ሱቅ ከፈተ። ራዲዮ፣ የስፌት መኪና፣ የወፍጮ ቺንጋ፣ ያገኘውን ይጠግናል። «ሰዓቴን ለሰው አልሸጥም» አለ። ሲሻው ይከፍታል፣ ሲሻው ይዘጋል። መስጊዱ እፊቱ ነው፣ ገበያው ከመስጊዱ ጎን ነው፤ ባጃጅ የለ፣ ግፊያ የለ። መንገድ ላይ የሚያገኘው ሁሉ ስሙን ከነአባቱ ጠርቶ ሰላም ይለዋል። ከጅማ ጓደኞቹ ሲደውሉ «ኑሮ እንዴት ነው?» ይሉታል። «ደስታ ብቻ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል።

ሐሰትም አልነበረም፣ መጀመሪያ ላይ። የጠዋት ፀሐይ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ መሞቅ፣ ሻይ እስኪበርድ ማውራት፣ ዝናብ ሲመጣ መተኛት፤ ጊንጆ ሳለ በሕልሙ የሚያየው ይህን ነበር። ግን ባዶ ሰዓት ባዶውን አይቀመጥም። ፀሐይ እየሞቀ ሃጂ ሙሐዲንን ያስባል። ሻዩ እየበረደ ለሃጂ የሚመልሰውን መልስ ይፈትላል። ተኝቶ ጣሪያ እያየ፣ ሃጂ እፊቱ ቆመው «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ሲሉት፣ እሱ «አፉ አልልም» ሲል ይታየዋል። ጅማ ሳለ ሙሐዲን የሚወስዱበት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያለውን ብቻ ነበር። ሸቤ ከገባ በኋላ ቀሪውንም ወሰዱት።

ከዚያ ዘንድሮ ሃጂ ራሳቸው ሸቤ ወንዝ ዳር ማጠቢያ ከፈቱ። አገሩ ሁሉ ሥራ መጣ ብሎ ደስ አለው። ሩፈይዳም ማድረቂያ አልጋው ላይ ቡና ለመልቀም ተቀጠረች።

ከአግዳሚው ተነሳ፤ ፊቱን ታጠበ፤ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ከዚያ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣችውን የእትዬ ቆንጂትን የስፌት መኪና አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ካቻቪቴውን ያዘ።

እትዬ ቆንጂት ጎረቤቱ ናቸው። ባላቸው ከሸዋ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ እሱ ሲሞት ሴትየዋ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ እዚሁ ቀሩ። የመፍቻ ድምፅ ሲሰሙ ከበራቸው ብቅ አሉ።

«ምነው፣ ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ። መኪናዎን እየሠራሁ ነው።»

«የኔን መኪና? ከፋሲካ ጀምሮ ስለምንህ "ነገ፣ ኢንሻአላህ" ስትለኝ የነበረውን? በዚህ ሰዓት? አንተ በምትተኛበት?» ጠጋ ብለው ፊቱን አዩት። «ዛሬስ የሆነ ነገር አለህ። ስቀሃል ልበል?»

«ደስ ብሎኛል።»

«እሱንማ ሁልጊዜ ትላለህ። ደስ ያለው ሰው ፊት እንዲህ ከሆነ፣ የከፋውን አያሳየኝ።» ዱካቸውን ጎትተው በሩ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ቆንጂት ነገር ሲሸታቸው አይሄዱም።

ብዙም አልቆየ፤ ነጭ መኪና አቧራዋን እየጎተተች መጥታ ቆመች። ሃጂ ሙሐዲን ብቻቸውን ነው የነዱት። ወረዱ። ፂማቸው ነጥቷል፤ ሆዳቸው ግን እንደዱሮው ነው። የሱሪያቸው ጫፍ በቡና ውኃ ርሷል።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ፋሂሜ፣ ልጄ፣ አንተ ነህ? እዚህ ነህ እንዴ? ወላሂ የሚሠራ ሰው አለ ሲሉኝ አንተ መሆንህን አላወቅሁም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም፣ ሃጂ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«የመቀመጫ ጊዜ የለም። መፈልፈያው ቆመብኝ። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ያደረ ቡና አለ፤ የዛሬው ደግሞ ተጨመረበት። ክምሩ ይተነፍሳል፤ እጅህን ብታስገባ ያቃጥልሃል። ጅማ ደወልኩ፤ ነገ እንጂ ዛሬ አንደርስም አሉኝ። ና፣ ግባ መኪና ውስጥ።»

ፋሂም ቡሎኗን ቀስ አድርጎ ዞር አደረጋት። መልሶ ፈታት።

«ይቺን ልግጠምና እመጣለሁ» አለ።

ሃጂ ጠረጴዛውን አዩ። «ይቺን? የስፌት መኪና?»

«የሰው አደራ ናት።»

«ከፋሲካ ጀምሮ» አሉ እትዬ ቆንጂት።

ሃጂ ሳቅ አሉ፤ ነጋዴ የሚስቃት ዓይነት፣ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት። «እሺ፣ ገባኝ። የፈለግከውን እከፍልሃለሁ። ዋጋህን ጥራ።»

«ገንዘብ አልፈልግም። ይቀመጡ። እዚህ ቤት የሥራ ሰዓት አለ።»

«የምን ሰዓት?»

«እስከ አሥራ አንድ የእትዬ ቆንጂት ነኝ» አለ ፋሂም። «ከአሥራ አንድ በኋላ የእርስዎ እሆናለሁ።»

ቀልዷን ሲሰሙ የሆነ ነገር ፊታቸው ላይ አለፈ፤ ግን አልያዙትም። ተቀመጡ። ሌላ ምን ያድርጉ? ከአግዳሚው ጫፍ፣ ፋሂም ሁልጊዜ ከሚተኛበት ቦታ ላይ ተቀመጡና መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

በመንገዱ ላይ ገበሬዎች እሸት ቡና በአህያ ጭነው ወደ ማጠቢያው ይወርዳሉ። ፋሂም ከበሩ ወጣ ብሎ ጠራቸው። «አታውርዱት፤ ማሽኑ ቆሟል። ይዛችሁ ተመለሱና አልጋ ላይ አስጡት። ደርቆ ጀንፈል ይሆናል፤ ምንም አይጎድልባችሁም።» ገበሬዎቹ ተያዩ፤ አህዮቻቸውን አዞሩ። ፋሂም ተመልሶ ገባ። ያልገባው ቡና ይትረፍ፤ የገባው ይቃጠል። በልቡ ያለው ሂሳብ እንደዚህ ተሰልቶለት አያውቅም።

«ልጄ» አሉ ሃጂ፣ ሁሉን ሲሰሙ ቆይተው፤ ድምፃቸው አሁን ዝቅ ብሏል። «ቂም ይዘህብኛል?»

ፋሂም ቡሎኗን አጠበቀ።

«ምን አድርጌህ ነው?»

«እርስዎ ይንገሩኝ።»

ሃጂ መቁጠሪያውን አቆሙ። «በዒድ ቀን ሥራ ያስገባሁህ ነው?»

«አስገብተውኛል። ግን እሱ አይደለም።»

«ጣት አሻራው? ዘግይተህ የቀጣሁህ?»

«እሱም አለ። እሱም አይደለም።»

«የ... የኢርፋን ነገር ነው? ጣቱን ማሽን የቆረጠው ልጅ? ዘመድህ ነው እንዴ? ለሱ እኮ ሐኪም ቤት ድረስ...»

«ኢርፋን ጣቱ ተቆረጠ?» አለ ፋሂም።

ሃጂ አፋቸውን ዘጉ።

«ኧረ ሃጂ፣ ይተዉት» አሉ እትዬ ቆንጂት ከዱካቸው ላይ። «እንዲህ እየገመቱ ከሄዱ እኛ ያልሰማነውን ሁሉ ሊያወጡ ነው።»

ፋሂም ካቻቪቴውን ጨብጦ ሰውየውን ተመለከተ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሃጂ ሙሐዲንን በሐሳቡ ሲያቆማቸው፣ ሁልጊዜ ጥፋታቸውን ያወቁ ሰው ነበሩ። ያፍራሉ፣ ይለምናሉ፣ ምክንያት ይደረድራሉ። አንድም ቀን የረሱ ሰው ሆነው ታይተውት አያውቁም። የወጋ ይረሳል ሲባል ሰምቶ ያውቃል፤ የወጋው ሰው እፊቱ ተቀምጦ የቱን ቁስል እንደሆነ ሲጠይቀው ግን ሌላ ነው። ለበቀልም ሁለት ሰው ያስፈልገዋል። ብቻውን ሲበቀል የኖረ ያህል ተሰማውና ንዴቱ እንደገና ከሥር ተቀጣጠለ።

«እስኪያስታውሱት ይቀመጡ» አለ።

የዓስር አዛን ተሰማ። ሁለቱም ቀና አሉ። ሸቤ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከገበያው ጎን ካለው መስጊድ ሌላ በቅርብ የለም፤ ዓስር ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ፋሂም እጁን በቤንዚን አጠበ፣ ሃጂ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ አብረው ወጡ፣ አብረው ለሶላት ታጥበው ዉዱእ አደረጉ። ሰፍ፣ የሶላት ሰልፉ፣ ሲያዝ ማን ከማን ጎን ይቁም የሚል የለም። ትከሻው ከትከሻቸው ገጠመ። የሃጂ ባዶ እግር የሱን እግር ነካው። ሞቃት ነበር፣ እንደማንኛውም ሰው እግር። ፋሂም እግሩን መሰብሰብ ፈለገ፤ አልሰበሰበም። ሶላቱን ሰገደ፤ ከቁርኣን ምን እንደቀራ ግን አላወቀም።

ሲመለሱ እትዬ ቆንጂት ከዱካቸው አልተነሱም።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አሉ፣ ወደ ማንም ሳያዩ።

«እትዬ፣ መኪናዎ እንዲሠራ ይፈልጋሉ?»

«መኪናዬማ ድሮ ተሠርቷል። ያቺን ቡሎን ስትፈታና ስታጠብቅ ነው የማይህ፤ እኔም ዓይን አለኝ።»

ፋሂም ሊመልስላቸው ሲል ሩፈይዳ በሩ ላይ ቆመች። ከወንዙ ሽቅብ ሮጣ ነው የመጣችው፤ ሻሿ ተንሸራትቷል፣ መዳፎቿ በቡና ጭማቂ ቀልተዋል። ሃጂን አየች፤ ወንድሟን አየች።

«ፋሂም፣ ማሎ» አለች፤ ልመና ሲሆንባት ሁልጊዜ ኦሮምኛው ነው የሚቀድማት። «ሰው ሁሉ አንተን ነው የሚጠብቀው። ለምን ቁጭ አልክ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እወርዳለሁ።»

«አሥራ አንድ? ቡናው እኮ መሽተት ጀምሯል።»

«ይሽተት። የሃጂ ነው።»

«የሃጂ ብቻ ነው ያለህ ማነው?» ድምፅዋ ተሰበረ። «የኛ ከታች ነው ያለው።»

«የኛ ምን?»

«የአባዬ ቡና። ከጓሮ ያሉት የሱ ዛፎች። ትናንት ማታ መጀመሪያ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ የዛሬው ቡና ከላዩ ተከመረበት። ከሁሉም በፊት የሚበላሸው እሱ ነው።»

ፋሂም ካቻቪቴውን አስቀመጠ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ልንገርህ? ስትተኛ ወይስ ስትነሳ? ለቀማ ደርሷል፣ አግዘኝ ብዬህ "ቶሌ" ብለህ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዞርክ። እሺ ባልክ በማግስቱም ተኝተህ ነበር። ከማድረቂያ አልጋው ሥራ ስወጣ፣ በምሳ ሰዓቴ፣ ብቻዬን ነው የለቀምኩት። አንተ እኮ ሰዓት ያለህ ሰው ነህ።»

ከመስጊዱ የሚወጡ ሽማግሌዎች በበሩ ሲያልፉ ሰላም አሉ፤ መልስ ስላላገኙ ገልመጥ አድርገው አይተው ሄዱ።

«አባታችሁ» አሉ ሃጂ ሙሐዲን ቀስ ብለው። «አባታችሁ የሉም እንዴ?»

ያኔ ነው ፋሂም የዞረባቸው። አልጮኸም። ለዓመታት ሲፈትለው የኖረው ንግግር ሁሉ ጠፋና የቀረው አጭሩ ብቻ ሆነ።

«አባቴ የሞተ ቀን ቢሮዎ መጣሁ። የትልቁ ማሽን ሆድ ተከፍቶ ነበር። "ይቺን ግጠምልኝና በራሴ መኪና አደርስሃለሁ" አሉኝ። ገጠምኩልዎት። መኪናዋ አጋሮ ሄዳ ነበር። በግ ልታመጣ።»

ሃጂ ለረጅም ጊዜ ወለሉን አዩ።

«በጉ» አሉ በመጨረሻ። «ቀንዳሙ በግ። መንገድ ላይ አመለጠና...» ከዚያ አቆሙ። በጉን ነበር ያስታወሱት። አባቱን ያስታወሱት ከበጉ በኋላ ነው፤ ፋሂም ያን ሲሆን በዓይኑ አየው፤ መጀመሪያ በጉ ፊታቸው ላይ መጣ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሌላው።

አሁን ይሉታል ብሎ ጠበቀ። «አፉ በለኝ» ይላሉ፤ እሱም «አፉ አልልም» ይላል። ምላሱ ጫፍ ላይ ነው። ሃጂ ግን ምንም አላሉም። መቁጠሪያቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ ልክ መኪና እንደሚጠብቅ ሰው።

«ፋሂም» አለች ሩፈይዳ። «አባዬ በሰዓቱ ተቀብሯል። ሰው ሁሉ ነበር። ያልቀበርከው አንተ ነህ። ተነስ በቃ።»

ሊነሳ ነበር። እግሩ ሊነሳ ነበር። ዓይኑ ግን ግድግዳው ላይ ካለችው ሰዓት ላይ ወደቀ፤ አሥራ አንድ አልሞላም። ትንሽ ነው የቀረው። ሙሐዲን ያን ቀን ያስጠበቁት ይህን ያህል ብቻ ቢሆን ኖሮ የአባቱን ፊት ያይ ነበር። ይህን ያህል ከዓለም ላይ የመውሰድ መብት ያለው መሰለው። ከታች ያለው የማን እንደሆነ ያውቃል። እያወቀ ተቀመጠ። የእትዬ ቆንጂትን ቡሎን ፈታት፣ መልሶ አጠበቃት። ሩፈይዳ አንዴ አየችው፤ ዞራ ወደ ወንዙ ወረደች።

አሥራ አንድ ሲሞላ መሳቢያውን ከፈተ። በዘይት ወረቀት የተጠቀለለውን አወጣ። ሃጂ አዲሱን ኩሽኔታ ሲያዩ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው እንደነበር ገባቸው፤ ቅንድባቸው ብቻ ትንሽ ተነሳ። መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሞተር አስነሱና የጎኑን በር ከፈቱለት። ፋሂም በመኪናዋ ጎን አልፎ፣ የመፍቻ ሳጥኑን ተሸክሞ ቁልቁል በእግሩ ወረደ። መኪናዋ ከኋላው፣ በእግሩ ልክ፣ ቀስ እያለች ተከተለችው።

ማጠቢያው ግቢ ውስጥ ሰው ቆሞ ነበር፤ ለቃሚዎቹ፣ ዘበኛው፣ ጭነት አውራጆቹ። መንገድ ለቀቁለት። ማንም ምን አቆየህ አላለውም፤ ትንሽ ከተማ ነው፣ ሁሉም ሰምቷል። ቺንጋውን አወለቀ፣ የተበላውን ኩሽኔታ ደብድቦ አወጣ፣ አዲሱን አስገባ። እጁ ሥራውን ስለሚያውቅ ብዙም አልፈጀበትም። ለዚህ ነው ያስጠበቃቸው፤ ይህችን ለምታክል ሥራ። ሲጨርስ ለዘበኛው በእጁ ምልክት ሰጠ።

ጉርርር አለ። ጥርት ያለ ድምፅ ነበር፤ ሳል የለውም። ሰው እልል አላለም፤ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከክምሩ ላይ በአካፋ እየዛቁ መጨመር ጀመሩ። ቀዩ ቅርፊት በአንድ በኩል፣ ነጭ እርጥብ ፍሬው በሌላ በኩል እየተንሸራተተ ወደ ቦዩ ወረደ። ከላይ ያለው ደህና ነበር። መሃሉም ደህና ነበር፤ ሞቅ ያለ ብቻ።

ሥሩ ሲደረስ ጠረኑ መጣ። የኮመጠጠ፣ እንደ አሮጌ ጠላ አተላ ያለ። አውራጆቹ አካፋቸውን አቆሙና ሩፈይዳን አዩዋት። እሷ ጎንበስ አለች፤ ከሥሩ አንድ እፍኝ ዘግና አሸተተችው። ቅርፊቱ ጠቁሯል፤ ሲጫኑት ውኃ ይተፋል። ወደ ፋሂም መጥታ መዳፉን በሌላ እጇ ከፈተችና አስቀመጠችበት።

«እንካ» አለችው። «ረፈደ።»

ፋሂም መዳፉን አልጨበጠም፣ አልጣለውምም። ጭማቂው በጣቶቹ መሃል ሲወርድ ይሰማዋል። ከማሽኑ ማዶ ሃጂ ሙሐዲን ቆመዋል። የጠፋው ቡና የማን እንደሆነ ሱቁ ውስጥ ሰምተዋል፤ አሁን ደግሞ የት እንደነበረ አዩ። ፋሂም ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ፈለገ፤ ንዴት፣ ኀዘን፣ አሸነፍኩህ የሚል እንኳ ቢሆን። ጀርባቸው ላይ ፀሐይ ስላረፈች ፊታቸው በደንብ አይታይም።

ቀስ ብለው መጡ። የሚናገሩ መስሎት ቀና አለ። ያቺ «አልልም» እስካሁን ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ሃጂ ከኪሳቸው፣ ያን ቀን ቃል ገብተው ያልሰጡትን፣ የመኪናቸውን ቁልፍ አወጡ። ጎንበስ ብለው በተከፈተው የመፍቻ ሳጥን ውስጥ፣ ከፒንሳው ጎን አስቀመጡት፤ እንዳይወድቅ አስተካክለው። ከዚያ ቀና አሉ፣ የረጠበ የሱሪያቸውን ጫፍ ሰብሰብ አደረጉና ወደ ግቢው በር ሄዱ።

«ሃጂ» አለ ዘበኛው እየተከተላቸው። «ሃጂ፣ መኪናዎ እኮ እዚህ ነው።»

አልዞሩም። አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ ለአፍታ ቆሙ። ከዚያ እየመሸበት ያለውን የጅማ መንገድ ይዘው፣ በእግራቸው፣ ሄዱ።